አንቀልባውን ከግድግዳው አውርዱት

ባለፈው ቅዳሜ ከመርሳ የመጣ ሽንኩርት ከአይሱዙ ላይ በጀርባዬ አውርጄ፣ እህቴ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ የከፈተችው የባህል ምግብ ቤት ጓዳ ካስገባሁ በኋላ፣ ላቤን በእጅጌዬ እየጠረግሁ በደንበኞች መግቢያ በኩል ልወጣ ስል አንድ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ አቆመኝ። የሽንኩርቱ አይደለም፣ ከኩሽናው የሚወጣው የጥብስም አይደለም። የለፋ ቆዳ፣ የከረመ ቅቤና የሕፃን ሽንት ዓመታት አብረው ሲኖሩ የሚፈጥሩት ሽታ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም፣ ጀርባዬ ላይ ነው የኖረው። ቀና ስል ግድግዳው ላይ፣ ግራና ቀኙን በሚስማር ተቸንክሮ፣ የእናቴ አንቀልባ ተሰቅሏል።

መጀመሪያ አላወቅሁትም ነበር። ቫርኒሽ ቀብተውታል፤ በዕድሜው ዛጎል አይቶ የማያውቀውን ድሃ ቆዳ ዙሪያውን ዛጎል ለጥፈውበት የባላባት ሚስት ዕቃ አስመስለውታል። ያወቅሁት በጠፍሩ ነው። የግራው ጠፍር አንድ ጊዜ ተበጥሶ በሽቦ የተያያዘ ነው፤ ሽቦውን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ በጥርሴ። ልዳስሰው እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ አዲሷ አስተናጋጅ፣ «ጋሼ፣ እሱ አይነካም! ለዲኮር ነው» አለችኝ። ለዲኮር! እዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ ተሸንቶ ጀርባዬን እንዳቃጠለኝ ብነግራት ያን ነጭ ሸሚዟን ሰብስባ ትሮጥ ነበር።

ከሥሩ በመስተዋት የተለበጠ ወረቀት አለ። ቆሜ አነበብሁት። እኔ ማንበብ የቻልሁት ጢሜ ሽበት መዝራት ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከጎኗ ተቀምጬ፣ «ሀ በል» ስትለኝ ሀ እያልሁ፣ ስሳሳት በማስመሪያ ጣቴን እየመታችኝ። ስለዚህ ጽሑፍ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም፤ የሱቅ ስምም ይሁን የሳሙና ካርቶን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ፣ ዘግይቶ የቀረበለት ሰው ፍርፋሪ አይንቅም። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ አንቀልባ እናታችን ሁላችንንም አዝላ አሳደገችን።»

ውሸት ነው።

ፍሬ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ታናሽ እህቴ፣ ከባንኮኒው ኋላ ብቅ ብላ ፊቷ በርቶ መጣች። «ጋሽዬ፣ አየኸው አይደል? አያምርም?»

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኛ! ሰው ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ትናንት አንዷ አለቀሰች።»

«ውሸት ነው» አልሁ። ድምፄ የጫኝና አውራጅ ድምፅ ነው፣ ዝቅ ማለት አይችልም፤ የሚበሉት ሁሉ እጃቸውን ትሪው ላይ አቁመው ዞሩ።

«ምኑ ነው ውሸቱ? ኧረ በማርያም፣ ደንበኛ ፊት አታዋርደኝ!»

«ወይ ቆዳውን አውርጂው፣ ወይ ወረቀቱን።»

ፍሬ እኔን ትመስላለች፣ ቶሎ አትሸነፍም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? አንተ ንገረኝ፣ አሁኑኑ ልቀይረው» አለችኝ። ባዶ ጆንያዬን አጥፌ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው የዚያን ቀን ያጣሁትን መልስ ለመስጠት ነው።

ስለ እናቱ የሚጽፍ ሁሉ ብዕሩን ማር ውስጥ ነክሮ ነው የሚነሳው። እኔ ማር የለኝም። እናቴ አስካለ ዓምና ስትቀበር የሬሳ ሳጥኑ ላይ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ርኅሩኅ፣ ታጋሽ፣ ደከመኝ ሰለቸኝ የማትል። ደከመኝ የማትል! በቀን ውስጥ ከአፏ ደከመኝ ያልወጣበት ሰዓት ቢኖር ተኝታ የነበረችበት ነው። ታጋሽም አልነበረችም፤ «ድንጋይ በወለድሁ ኖሮ ቤት ይሠራበት ነበር» የምትል፣ ያገኘችውን ከመወርወሯ በፊት ምን እንደሆነ የማታይ ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ የወረወረችብኝ ድንች ሆኖ ተገኘና አንስቼ በላሁት። ሳቀች፤ ስትስቅ የላይ ጥርሷ መሃል ላይ ክፍተት ነበረው፣ ቆንጆ ነበረች፣ ይህንን አልክድም።

ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዳ መርሳ የተዳረች ናት። ብርድ ለምዳ ያደገች ልጅ ሙቀቱ ላይ ጣሏትና ዕድሜ ልኳን ቆላውን እንደ ጠላት ነው ያየችው፤ ወባ ሲነሳባት ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንኳ «አሁን ትንሽ በረደልኝ» ትል ነበር። አባቴ አፋር ጥጥ ማሳ ላይ ቀን ሠራተኛ ነበር። በዓመት አንዴ ይመጣል፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ጥንድ ሸበጥ ይዞ፤ ሲሄድ ጀሪካኑን ትቶ፣ ሸበጡን አጥልቆ፣ ሆዷን ሞልቶ ይሄዳል። ስለ እሱ የምለው ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንበትም።

ቤታችን ከወንዙ ፈቅ ብሎ፣ የሰው ማንጎ ሥር የተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ነበረች። ማንጎው የኛ አልነበረም፣ ቆርቆሮአችን ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ግን የኛ ነበር። እናቴ ወፍ ሳይንጫጫ ትነሳና ከብት ሳይበጠብጠው ውኃ ትቀዳለች፤ ተመልሳ ያዘለችውን ሳታወርድ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች። ማሽላ ስትፈጭ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን በውዝዋዜው እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል መሰለኝ፣ መጁ ሲቆም ይነቃል። አንዳንድ ቀን ማሽላው አልቆ ሳለ ልጁ አላስተኛ ሲላት ባዶ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ፣ ምንም ሳይኖርበት፣ ድንጋይ በድንጋይ ትፈጭ ነበር። ጎረቤት የወፍጮውን ድምፅ ሰምቶ፣ «እነ አስካለ ዛሬም እህል አላቸው» ይላል። እኛ ደግሞ ድምፁን ሰምተን ቂጣ እንጠብቃለን። ሕፃኑ ብቻ ነበር ያልተታለለው፤ እሱ የፈለገውን አግኝቶ ይተኛል።

እኔ የበኩር ልጅ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ሙላት ነበር፤ መዳህ እንደጀመረ ሁሌ ወደ እሳት ስለሚሄድ እናቴ እግሩን በገመድ ከምሰሶው ታስረው ነበር፣ እንደ ጥጃ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ብታይ ከተማ ውስጥ ሰው ይጮሃል። ይጩህ። ያልታሰረው የጎረቤት ልጅ ፊቱ ተቃጥሎ ነው ያደገው፤ ሙላት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ትንሽ ምልክት አለችው፣ ያውም ካላሳየህ አትታይም።

ከሙላት በኋላ መንታ መጣ። ካሳና ፍሬ። አዋላጇ ሁለተኛዋን ስታወጣ እልል ብላለች ይባላል፣ እናቴ ግን «ምን ያስደስትሻል፣ አንቺ አታዝያቸው!» አለቻት። እንዲህ ያለችው ከክፋት አይደለም። እዚያው ተኝታ ሒሳቡን ሠርታዋለች፦ ልጅ ሁለት፣ ጀርባ አንድ።

ያን ጊዜ መርሳ ዙሪያ ወንዙ የሚያጠጣው መሬት ላይ ሽንኩርት ይተከል ነበር፣ ዛሬም ይተከላል፣ እኔው ነኝ የምሸከመው። ሴቶች በቀን ሥራ ያርማሉ። አንድ ልጅ አዝላ ማረም ለማንም ብርቅ አይደለም፣ ጎንበስ ስትል ልጁ ጣሪያ ላይ እንደወጣች ድመት ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛውን ግን የት ታድርገው? ጥላ ሥር ብታስተኛው ጉንዳን አለ፤ ሲያለቅስ ተነስታ ስትሄድ ደግሞ አሠሪው አለ። አሠሪው ሆዱ ከቀበቶው የቀደመ ሰው ነበር፣ «እኔ አራሚ ነው የቀጠርሁት እንጂ ጫጩት የታቀፈች ዶሮ አይደለም!» ብሎ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አባረራት። በማግሥቱ ለምናው ተመለሰች፤ ካሳን ራሷ አዘለች፤ ፍሬን በአንቀልባው ጠቅልላ ከእኔ ጀርባ ላይ አሰረቻት። ካሳ ደካማው ስለነበር በነጠላ እሷ ላይ ሆነ፣ ደንዳናዋ ለእኔ ደረሰች። አንቀልባው በትልቅ ሰው ልክ የተሠራ ስለሆነ ታችኛው ጫፍ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ጠፍሩ ደረቴ ላይ ሁለቴ ይዞራል። ስሄድ ከኋላ የሚያየኝ ሰው እግር ያወጣ ስልቻ ነው የሚመስለው።

የኛ አገር ወንድ ልጅ ብዙ ነገር ይሸከማል፤ እንጨት፣ ውኃ፣ ጠቦት። ሕፃን በአንቀልባ ግን አያዝልም፣ ያ የሴት ነው። እንግዲህ አስቡት። ከሽንኩርቱ ማሳ ዳር ቆሜ እሹሩሩ ስል ከብት የሚነዱ እኩዮቼ ያልፋሉ። «እማማ ሲሳይ! ጡት አለሽ ወይ?» ይሉኛል። ድንጋይ እንዳልወረውር ጎንበስ ስል ፍሬ በራሴ በኩል ልትወድቅ ትደርሳለች፤ እንዳልሮጥ ትንገጫገጫለች፤ ስለዚህ ስድብ ብቻ ተማርሁ። ዛሬ መናኸሪያ ውስጥ በስድብ የሚስተካከለኝ የለም። ትምህርት ቤቴ ያ ነው።

አሁን ወደ ጸጉሬ ልምጣ።

ያኔ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ዕድሜው ተጠይቆ አልነበረም፤ ማን ያውቀዋል? መምህሩ ዋርካ ሥር ቆሞ፣ «ቀኝ እጅህን በራስህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይልሃል። ከነካህ ደርሰሃል፤ ካልነካህ የከርሞ ሰው ይበልህ። መንቶቹ ሳይወለዱ በፊት በነበረው መስከረም ሄጄ ጣቴ ከጆሮዬ በላይ ቀረች። ገና ነበርሁ፣ ቅር አላለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሥራዬ ሆነ፤ ፍሬን አዝዬም ቢሆን በቀን አሥር ጊዜ እጄን በራሴ ላይ እያሳለፍሁ እለካ ነበር። ጆሮውን እንደሚያክ ዝንጀሮ ትመስላለህ ይሉኛል፣ እነሱ ምን ገዷቸው። ከሽንኩርቱ ማሳ ማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ሲመታ ይሰማኛል። ያ ድምፅ ሲሰማ አንዳንድ ልጅ ይፈራል፤ እኔ ምራቄን ነበር የምውጠው፣ እንደ ወጥ ሽታ።

በዚያ ዓመት እናቴ ጸጉሬን መላጨት ተወች። ሙላትን ትላጨዋለች፣ መንቶቹን ትላጫቸዋለች፣ ቅማል ጠላቷ ነው። የኔን ግን አበጠረችው፣ ቅቤ ቀባችው፣ ክረምቱን ሙሉ አሳደገችውና እንደ አፋር ጎረምሳ ጎፈሬ ሆነ። ልጅ ነኝ፣ ተደሰትሁ። ሌሎቹ የሌላቸውን ለእኔ ሰጠችኝ ብዬ ነበር የማስበው፤ ማታ ማታ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሽልኝ ዓይኔ እስኪጨፈን ድረስ ደስ ይለኝ ነበር። መስከረም ሲጠባ ራሷ ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ፣ «ጎፈሬህን እንዳትጨፈልቀው ታዲያ፣ ቅቤው ልብስህ ላይ ይፈሳል» አለችኝ። እኔም ክንዴን በጎፈሬዬ ላይ እንደ ድልድይ አንስቼ አሳለፍሁ፤ አንድ ጣት ጎደለ። መምህሩ «የከርሞ ሰው ይበለን» አለ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔ አዝና መስሎኝ እጇን ያዝሁ፣ እንዳጽናናት።

ዓመት አለፈ። ፍሬ ከበደች፣ ጥርስ አወጣች፣ ትከሻዬን መንከስ ጀመረች። ሁለተኛው ክረምት ላይ ጎፈሬው ይበልጥ አደገ። ጷጉሜ ላይ ነው፣ እናቴ ገበያ ወርዳለች፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ የእናቴ ጡት አልበቃ ሲል ፍሬን ከራሷ ልጅ ጋር አጥብታ ያሳደገች ሴት፣ ራሴን ሳክ አየችኝ። «ያ ረቢ! ይሄን ልጅ ቅማል ሊወስደው ነው እኮ» አለችና በሯ ላይ አስቀምጣ በምላጭ አንድ ሳታስቀር ላጨችኝ። ንፋሱ ራሴን ሲነካው አሁንም ትዝ ይለኛል። እንደ ልማዴ እጄን አሳለፍሁ። ጣቴ ጆሮዬን ነካች ብቻ ሳይሆን አልፋ ጉንጬ ላይ ደረሰች። ነገሩ ሕልም መስሎኝ ጆሮዬን ቆነጠጥሁት።

እናቴ ከገበያ ስትመጣ በሩጫ ሄጄ፣ «እማ! እማ! ደረሰ! እይው!» አልሁና አሳየኋት። ዘንቢሏን አላስቀመጠችም። ራሴን አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞረች።

«ማን ንኪው አለሽ?»

«ሆ! ጸጉር ነው እንጂ ራሱን አልቆረጥሁት፤ ቅማል ሊበላው ሲል ዝም ልበል?»

«ቢበላውስ! አንቺን በላሽ?» አለቻት። «አየሽ የሠራሽኝን? አሁን ፍሬን ማን ያዝልልኛል? አንቺ በጀርባሽ ልታዝያት ነው?»

እትዬ ዘይነባ ምላጩን እንደያዘች መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን። ገባት። «አስካልዬ…» ብቻ አለች። እኔም ገባኝ። ልጅ አይገባውም የሚል ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም። ያ ጭን፣ ያ ቅቤ፣ ያ ማበጠሪያ፣ ያ ሁሉ ፍቅር የመሰለኝ ነገር አንዲት ጣት ለማሳጠር ነበር። እጄን ከራሴ ላይ ሳላወርድ እዚያው ቆምሁ፤ እናቴ ወደ ቤት ገባች፤ ጥቂት ቆይቶ መጁ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ባዶ ይሁን እህል ያለው አላየሁም።

የምዝገባው ቀን አልነገረችኝም። ደወሉ ነገረኝ። ማሳው ዳር ነበርሁ፣ ፍሬ ጀርባዬ ላይ ናት። እናቴ ጎንበስ ብላለች። ምንም ሳልል ሮጥሁ። ዋርካው ሥር ስደርስ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፦ «ሞግዚቷ መጣች! ልጇን ልታስመዘግብ ነው!» መምህሩ የደከመው ሰው ነበር፣ ክፉ አልነበረም። «ና፣ እጅህን» አለኝ። ጠፍሩ ደረቴን ይዞኝ ክንዴ እንደልብ አይነሳም፤ ተንጠራርቼ አሳለፍሁ፣ ነካሁ። ፍሬ ጆሮዬ ላይ ያረፈችውን ጣቴን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች፣ ከዚያ ወደ አፏ አስገባቻት። መምህሩም ሳይቀር ሳቀ። «አንተ ደርሰሃል» አለኝ። «እሷ ግን አልደረሰችም። ለእናትህ ስጣትና ና፣ እጠብቅሃለሁ።»

እጠብቅሃለሁ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወደ ማሳው እንዴት እንደተመለስሁ አላውቅም። ጠፍሩን በጥርሴ ፈትቼ ፍሬን እናቴ አጠገብ ትልሙ ላይ አስቀመጥኋት፤ «ደርሻለሁ፣ ይጠብቀኛል» አልሁና ፊቴን አዞርሁ። ጥቂት እንደራቅሁ ፍሬ መጮህ ጀመረች፤ እሷን ሰምቶ ካሳም ጮኸ። የአሠሪውን ድምፅ ሰማሁ፦ «አንቺ ሴት፣ ምን አልሁሽ? ወይ ልጅ ወይ መኮትኮቻ!» ባልዞር ኖሮ። ዞርሁ። እናቴ ቆማለች፤ አንዱ ጀርባዋ ላይ፣ አንዷ ክንዷ ላይ፣ መኮትኮቻው እግሯ ሥር ወድቋል። አሠሪው በጣቱ መንገዱን ያሳያታል። እሷ እሱን አታይም፣ እኔን ነው የምታየው።

አልጠራችኝም። ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ብትጠራኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ድንጋይ ብትወረውርብኝ፣ ለእሱ ልምድ ነበረኝ፣ እሮጥ ነበር። ዝም ብላ ቆመች፣ እጆቿ ሞልተው። ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ የታሰረው ሙላት አለ፤ ማታ የሚበላው እዚያ መሬት ላይ ከወደቀው መኮትኮቻ ነው የሚመጣው። ተመለስሁ። ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ፍሬን አነሳችና አሰረችልኝ። ስታስር አጥብቃ ስትጎትተው የግራው ጠፍር ተበጠሰ፤ ከአጥሩ ሽቦ ነቅዬ አያያዝሁት። «አንሺና አርሚ» አልኋት። አዋቂ ሆኜ የተናገርሁት የመጀመሪያው ቃል ያ ይመስለኛል። መምህሩ እስከ ስንት ሰዓት እንደጠበቀኝ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ሸበጡንም ጀሪካኑንም ይዞ ሳይመጣ ቀረ። መንቶቹ በእግራቸው ሄዱ፣ ጀርባዬ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ግን አልቆየም፣ መጀመሪያ የሽንኩርት ጆንያ፣ ኋላ ሲሚንቶ፣ ኋላ የወልድያን ገበያ ሁሉ ተሸከመ። ሙላት ተማረ፣ ካሳ ተምሮ ሹፌር ሆነ፣ ፍሬ ተምራ ወረቀት ላይ ውሸት መጻፍ ቻለች።

አንድ ቀን፣ ማንበብ በቻልሁበት ሰሞን፣ እናቴን ልጠይቅ መርሳ ወርጄ ነበር። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። የወባ ክኒኗ ካርቶን ላይ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። «ድሮም ብልህ ነበርህ» አለችኝ። ጠየቅኋት፦ «ጸጉሬን ለምን አሳደግሽው?» ክኒኗን በመዳፏ ላይ ስታገላብጥ ቆየች። «ምን ላርግ ልጄ፣ ጀርባዬ አንድ ነበር» አለች። ይቅርታ አላለችም። እኔም ይቅር አላልኋት። ሻይ ጠጥተን፣ ሳመችኝና ወጣሁ፤ እስክትሞት ድረስም ይህን አላነሳንም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ የሽንኩርቱን መኪና አስቁሜ ወረድሁ። ማንጎውን ቆርጠውታል። እትዬ ዘይነባ ከሞተች ቆየች፣ በሯ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ዋርካው አለ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ፎቅ ሆኗል፤ ልጅ ሲመዘገብ የልደት ካርድ ነው የሚጠየቀው አሉ፣ ጆሮውን የሚነካ የለም። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያርማሉ፣ አንዳንዶቹ አዝለዋል። ቸርኬው ወርዷል፣ ደወሉ በኤሌክትሪክ ነው፣ ያንቋርራል። ያም ሆኖ ሲጮህ ምራቄን ዋጥሁ። እጄን በራሴ ላይ አሳለፍሁ፤ ሹፌሩ ከመስኮቱ እያየኝ ይስቃል። ጆሮዬ እዚያው ነው። እጄ አሁን ትርፍ አለው፣ ግን የሚጠብቀኝ የለም።

እንግዲህ ፍሬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ ብለሽኝ ነበር። ይኸው ጻፍሁልሽ። እናታችን ሁላችንንም አላዘለችንም፤ ጀርባዋ አንድ ነበር፣ ያም አልበቃ ሲላት የኔን ወሰደች። አንቺን ያዘለሽ አንድ ማንበብ የፈለገ ልጅ ነው፣ ጣቱንም በልተሽበታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ መስተዋቱ ሥር የሚገባ፣ ደንበኛሽ እየጎረሰ ሊያነበው የሚችል አንድ መስመር ካገኘሽ ቁረጪና ለጥፊው። ካላገኘሽ አንቀልባውን አውርጂው።